ቡናውም ያነቃል፣ መርፌውም ያነቃል፤ ድንበሩ የት ላይ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ሰውን ባማረ አቋም ለፈጠረው፣ ጉልበትንና ጤንነትን በአደራ ለሰጠው ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ስለ ሩጫ የተጠየቀ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ እኔው ቤት ገብቶ ተቀምጧል። ወደ እናንተም ቤት የሚገባ ይመስለኛልና ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሚኤሶ ውስጥ ለወጣቶች ደርስ እሰጣለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሯጭ ነው። ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ የቆላው ፀሐይ ሳይከር፣ በሐዲዱ ዳር ዳር ይሮጣል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የጭነት መኪና ለምኖ ወደ ጭሮ ይወጣና ዳገት ይሠራል። አባቱ በሕይወት የለም፤ እናቱ ገበያ ላይ ማሽላ በጣሳ እየሰፈረች ታሳድገዋለች። አንድ ጁሙዓ ከዐስር በፊት እቤቴ መጣና እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዝ፣ አዲስ አበባ ለውድድር ሄጄ ሳለ አንድ ሰው ተዋወቀኝ። ‹ደም የሚያበዛ መርፌ አለ፤ ሦስት ወር ብትወጋ ውጭ አገር ትወጣለህ፤ ዋጋውን ስታሸንፍ ትከፍለኛለህ› አለኝ። እኔ ‹ሐራም ነው› ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን ሳቀብኝ። ‹ቡና ትጠጣ የለም ወይ? አገርህ ሁሉ ጫት ይቅም የለም ወይ? ሀብታሙስ የዓመት ቀለብ የሚያወጣ ጫማ ያደርግ የለም ወይ? ሁሉም ማበርቻ ነው። የእኔን መርፌ ምን ለየው?› አለኝ። መልስ አጣሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት አንድ ነገር አስታወስኩ። ጉንጬ ውስጥ ጫት ነበር። ለማታው ደርስ ኪታብ ለማየት ያነቃኛል ብዬ የያዝኩት ነው። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ምንም አላለም፤ ዓይኑ ግን ከአጠገቤ በተቀመጠችው ዙርባ ላይ አንድ ጊዜ ዐርፎ ተነሣ። እኔም «ልጄ፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብዬ አሰናበትኩት። በዚያ ሳምንት ያነበብኩትንና ያሰብኩትን ነው እንግዲህ የማቀርብላችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በመጀመሪያ ሰው በቀላሉ የሚሰነዝራቸውን መልሶች እንመርምር። አንዳንዱ «የተፈጥሮ የሆነ ይፈቀዳል፣ ፋብሪካ የሠራው ይከለከላል» ይላል። ይህ አያስኬድም። ጫት ቅጠል ነው፤ ኦፒየምም ከአበባ የሚወጣ ነው። ሕይወት የሚያድነው የስኳር በሽታ መድኃኒት ኢንሱሊን ደግሞ የሚመረተው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሌላው «ጉልበት የሚጨምር ሁሉ ማጭበርበር ነው» ይላል። ይህም አያስኬድም። ቁርስ ጉልበት ይጨምራል፤ እንቅልፍ ጉልበት ይጨምራል፤ ልምምድ ራሱ ጉልበት ለመጨመር የሚደረግ ነው። ሦስተኛው «የሚጎዳው ብቻ ይከለከል» ይላል። ይህ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ነገር ግን ማራቶን ራሱ ጉልበትና ጅማት ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ዲናችን ልመለስ።

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ የፈረስ እሽቅድምድም አዘጋጅተዋል። ዐረቦች ለውድድር ፈረስ የሚያዘጋጁበት ዘዴ ነበራቸው። ፈረሱን መጀመሪያ በደንብ ቀልበው ያሰቡታል፤ ቀጥለው መኖውን ይቀንሱና ልብስ አልብሰው ቤት ውስጥ ያስሩታል፤ ያልበዋል፣ ስቡ ይቀልጣል፣ ሥጋው ይጠብቃል፣ ትንፋሹ ይረዝማል። ይህ በዛሬው ቋንቋ ብቃት ማሳደጊያ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ዘዴ አልከለከሉም። ሆኖም ያደረጉትን ልብ በሉ። በዚህ ዘዴ የተዘጋጁትን ፈረሶች ከሐፍያ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ፣ አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል አስሮጧቸው። ያልተዘጋጁትን ደግሞ ለብቻቸው፣ ከሰኒየቱል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ፣ አንድ ማይል በሚሆን መንገድ አስሮጧቸው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ አካልን በትጋትና በዘዴ ማዘጋጀት የተፈቀደ ነው። ሁለተኛ፣ የተዘጋጀውና ያልተዘጋጀው በአንድ መስመር ላይ ሳይተዋወቁ አይቆሙም። ማን በምን ተዘጋጅቶ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ የሚወዳደረውም ከአቻው ጋር ነው። የሰውየው መርፌ የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ይታያል። የተወጋው ሯጭ ካልተወጋው አጠገብ ይቆማል፤ ያልተወጋው ግን ይህን አያውቅም።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። በሐረርጌ ምድር ስለ ቡና ክፉ መናገር ከባድ ነው፤ እኔም አልናገርም። ነገር ግን ቡና ራሱ ተከሶ ያውቃል። የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር እንዲነቁ ይጠጡት ነበር። በ1511 መካ ውስጥ ኻኢር በይ የተባለው ሹም ጉባኤ ሰብስቦ ቡናን አስከለከለ። ክልከላው ግን አልዘለቀም። ቡና እንደ መጠጥ አእምሮን እንደማይሰውር ሲታወቅ የአብዛኞቹ ዑለማዎች አቋም በመፍቀድ ጸና። የሚገርመው ታሪኩ በስፖርቱም ዓለም መደገሙ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ለብዙ ዓመታት ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ውስጥ ከተገኘ ያስቀጣ ነበር። ከጥር 2004 ጀምሮ ግን ከተከለከሉት ዝርዝር ወጣ።

አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ኔዘርላንድስ የተሰደደችውን ሲፋን ሐሰንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነሐሴ 2 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ ጠዋት በ1,500 ሜትር ማጣሪያ የመጨረሻው ዙር ላይ ወደቀች፤ ተነሥታ ሁሉንም አልፋ አንደኛ ወጣች። በዚያው ቀን ማታ የ5,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ጋዜጠኞች ሲጠይቋት በመካከሉ ያቆማት ቡና እንደሆነ በግልጽ ተናገረች። ልብ በሉ፤ በዓለም ፊት ተናገረች። አልደበቀችም፤ የምትደብቀውም ነገር አልነበራትም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጫማውስ? አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። «ጫማ አድርጓልና አጭበርብሯል» ያለ የለም። ከጊዜ በኋላ ግን ሶላቸው ወፍራም፣ በውስጣቸው የካርበን ሰሌዳ ያለ፣ እግርን እንደ ምንጭ የሚያስፈነጥሩ ጫማዎች መጡ። የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ሩጫ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ወሰነ። መስከረም 12 ቀን 2021 ወገናችን ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ጫማው ሲለካ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከተፈቀደው በ1 ሴንቲ ሜትር በለጠና ድሉ ተሰረዘ፤ ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። በ2023 ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2፡11፡53 ስትሮጥ ያደረገችው ጫማ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ እንደ ላባ የቀለለ ነበር፤ ነገር ግን ከልኩ አላለፈም። ክብረ ወሰኗም ተመዘገበላት።

አንባቢ ሆይ፣ ጫማ በራሱ ነጂስ ነውን? አይደለም። 5 ሴንቲ ሜትር ሶል ለብሶ ገበያ የሚሄድ ሰው ኃጢአት የለበትም። ታዲያ በውድድር ላይ ለምን ተከለከለ? ስምምነት ስላለ ነው። ሙስሊሞች በተዋዋሉባቸው ግዴታዎች የታሰሩ ናቸው የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስ አለ። በራሱ ሐላል የሆነ ነገር፣ «አላደርገውም» ብለህ ከገባህበት ውል ውስጥ ስታደርገው ይከለከልብሃል። የእርሻ ማሳን በእኩል ለማረስ የተስማማ ሰው ምርቱን ከመክፈሉ በፊት አንድ ቁና ቢያነሣ፣ ማሽላው ሐላል ቢሆንም ያነሣው ሐራም ነው። ይህ የመጀመሪያው ድንበር ነው፤ ውል።

ይህ ድንበር ከቦታ ቦታ፣ ከጊዜ ጊዜ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ መንቀሳቀሱም አያስደንቅም። መልዶኒየም የተባለው የልብ መድኃኒት እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ ለስፖርተኛ አልተከለከለም ነበር፤ ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በርካታ ስፖርተኞች ተያዙበት። የኛም ልጆች ከዚህ አላመለጡም። በ2017 አንድ ወጣት የማራቶን ሯጫችን በዚሁ መድኃኒት ምክንያት በአገራችን ፍርድ ቤት 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2016፣ የዓለም አትሌቲክስ መሪ ሰባስቲያን ኮ የቁጥጥር ሥርዓታቸው በአደገኛ ደረጃ ላይ ነው ያላቸውን አምስት አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያ ከመካከላቸው ነበረች። በአበበ ቢቂላ፣ በምሩጽ ይፍጠር፣ በመሐመድ ከድር ስም ስትጠራ የኖረች አገር በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስትገኝ የማያፍር ማን ነው?

ሁለተኛው ድንበር ጉዳት ነው። ሰውየው ለልጁ ያቀረበለት «ደም የሚያበዛ» መርፌ ኢፒኦ የሚሉት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ንጥረ ነገር በሁላችንም አካል ውስጥ አለ። ኩላሊት ነው የሚሠራው። አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ይህን መልእክት ወደ መቅኒ ይልካል፤ መቅኒም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። የበቆጂ ልጆች ትንፋሽ ረጅም የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሰውየው ይህንንም ያውቃል። «ተራራውም ደም ያበዛል፣ መርፌዬም ደም ያበዛል፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ይላል።

ልዩነቱ ሚዛን ነው። አላህ (ሱ.ወ) በፈጠረው አካል ውስጥ ደም ሲበዛ ኩላሊት ራሱ መልእክቱን ይቀንሳል። «ይበቃል» የሚል ጠባቂ አለ። መርፌው ግን ጠባቂውን ገፍቶ ይገባል። ደሙ ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ይረጋል፤ የረጋ ደም ልብና አንጎል ላይ አደጋ ይጥላል። ልጁ ሌሊት ተኝቶ ላይነሣ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ጀናዛ ላይ አይገኝም። ራስን መጉዳትም ሆነ ሌላውን መጉዳት የለም የሚለው የፊቅህ መሠረት እዚህ ላይ ይሠራል። አካላችን በኛ ላይ መብት እንዳለውም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። የጉልበቱ ባለቤት እኛ አይደለንም፤ ባለአደራ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1999 የተቋቋመው የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት አንድን ነገር ለመከልከል ሦስት መለኪያ አለው። ብቃት ይጨምራል ወይ? ጤና ይጎዳል ወይ? የስፖርትን መንፈስ ይጥሳል ወይ? ከሦስቱ ሁለቱ ከተሟሉ ሊከለክል ይችላል። እነዚህን መለኪያዎች ሳነብ አዲስ አልሆኑብኝም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ቁማር ሲያነሣ ለሰዎች ጥቅም እንዳላቸው አልካደም፤ ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ግን አስታወቀ። እንግዲህ «ይጠቅማል» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን ማስቀመጥ የኛ ዑለማዎች የቆየ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ድንበር ድብቅነት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ሻጩን ጠየቁት፤ ዝናብ መትቶት እንደሆነ ተናገረ። ሰው እንዲያየው የረጠበውን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያጭበረብር ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ሚኤሶ ገበያ ማሽላ ሸምቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሐዲስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እህሉ መርጠቡ አልነበረም ጥፋቱ፤ ዝናብ የአላህ ነው። ጥፋቱ የረጠበውን ከሥር፣ የደረቀውን ከላይ ማድረጉ ነው።

የተወጋ ሯጭም እንደዚያ ክምር ነው። ከላይ ላብ፣ ከሥር መርፌ። ቤን ጆንሰን በ1988 ሴኡል ላይ 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሲሮጥ ዓለም አጨበጨበለት። ከሦስት ቀን በኋላ ሽንቱ ውስጥ ስታኖዞሎል ተገኝቶ ወርቁ ተነጠቀ። የተነጠቀው ግን ወርቅ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የሚሮጥ ሰው ሁሉ በንጹሕ ላቡ ቢያሸንፍ እንኳ «ምን ወስዶ ይሆን?» ይባላል። አጭበርባሪ የሚሰርቀው አጠገቡ የሮጠውን ብቻ አይደለም፤ ያልተወለደውንም ሯጭ ስም ይሰርቃል።

ለዚህ ነው ለልጁ የምሰጠው መለኪያ ቀላል የሆነው። ኃጢአት በደረት ውስጥ የሚከነክን፣ ሰዎችም እንዲያውቁብህ የማትፈልገው ነገር እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ሲፋን ቡናዋን በጋዜጠኞች ፊት ተናገረች። አንተስ ያን መርፌ ወስደህ ካሸነፍክ በኋላ ማይክሮፎን ሲሰጥህ «በዚህ መርፌ አሸነፍኩ» ልትል ትችላለህ? ሁለተኛ የወጣውን ልጅ እጅ ጨብጠህ ልትነግረው ትችላለህ? ካልቻልክ መልሱ ደረትህ ውስጥ ነው፤ ከእኔ መጠየቅም አያስፈልግህ።

እዚህ ድረስ ስጽፍ ብዕሬ ቀላል ነበረች። ከዚህ ወዲህ ያለው ስለ ራሴ ነው።

ልጁ ስለ ጫትም ጠይቆኛልና ማለፍ አልችልም። እኛ የምዕራብ ሐረርጌ ሰዎች የጫትን ነገር ለሌላ ሰው ለማስረዳት እንቸገራለን። ከበደሳ፣ ከገለምሶ፣ ከሂርና የሚወርደው ጫት የስንቱን ቤት ጣራ ቆርቆሮ አልብሷል፤ የስንቱን ልጅ ደብተር ገዝቷል። ይህን የሚክድ በአገራችን ገበሬ ላይ ይቀልዳል። ዑለማዎችም በጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገሩም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ ይኖሩ የነበሩት የሻፊዒያው ሊቅ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ ጫት ለብቻው ኪታብ ጽፈዋል። ስለ ውጤቱ የሚነገራቸው የተለያየ ሆነባቸውና በቁርጥ ሐራም ከማለት ተቆጥበው መራቁን መክረዋል። ሐላሉም ግልጽ ነው፣ ሐራሙም ግልጽ ነው፤ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ የተጠነቀቀ ዲኑንና ክብሩን አተረፈ የሚለው የሐዲስ ትምህርት መንገዱን ያሳየናል።

ለሯጩ ግን ነገሩ አጠራጣሪ አይደለም። በጫት ውስጥ ካቲኖን እና ካቲን የሚባሉ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች አሉ። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ስለሚዳከም ነው የጫት መኪና ፍሬን የሌለው ይመስል በሚኤሶ መንገድ ላይ የሚበረው። ሁለቱም በዓለም አቀፉ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ካቲን በውድድር ቀን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ስለዚህ የውድድር ዋዜማ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ የተቀመጠ ልጅ «ማበርቻ አልወሰድኩም» ብሎ ሊምል፣ ምርመራው ግን ሊያስይዘው ይችላል። ሕጉ «አላወቅኩም» የሚለውን በቀላሉ አይቀበልም፤ በአካሉ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው ሯጩ ነው። በአላህ ዘንድ ሥራ በኒያ ነው፤ የዱንያ ዳኛ ግን የሚያየው የውጭውን ነው። ስለዚህ የኛ አካባቢ ወላጆችና አሠልጣኞች ይህን ለልጆቻቸው አስቀድመው ይንገሩ።

የእኔስ ጉዳይ? እኔ አልሮጥም፤ ሽንቴን የሚመረምር የለም። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት «ጫቱ ለኪታብ ነው፤ ለሌሊት ሰላት ነው» ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ገመድ ተወጥሮ አገኙ። ሲጠይቁ ዘይነብ ሰላት ላይ ሲደክማት የምትይዘው መሆኑ ተነገራቸው። እርሳቸውም ገመዱ እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው ንቁ በሆነበት ልክ እንዲሰግድ፣ ሲደክመውም እንዲቀመጥ አስተማሩ። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የራሴ ገመድ ከጉንጬ ውስጥ መሆኑ ግን ታይቶኝ አያውቅም ነበር። ገመዱ የተወጠረው ለኢባዳ ነበር፤ ለክፉ አልነበረም። ሆኖም ተፈታ። አላህ ከኛ የሚፈልገው የተበደርነውን ጉልበት አይደለም። ምርቃና ደግሞ ብድር ነው፤ ማታ የሰጠውን ጠዋት በሐራራ፣ ሌሊት በዱካክ ያስከፍላል። ሌሊቱን በኪታብ አድሬ ሱብሒን ያሳለፍኩባቸውን ቀኖች አላህ ይማረኝ።

ይህን ስል ቡናዬን አልተውኩም፤ ጫት የሚቅመውን ወንድሜንም ከእኔ የባሰ አላልኩም። ለራሴ ያወጣሁት መለኪያ ይህ ነው። አንድ ነገር ሥራዬን እንድሠራ ይረዳኛል ወይስ ያለሱ ሥራዬን መሥራት እንዳልችል አድርጎኛል? የሚረዳ ነገር አገልጋይ ነው። ያለሱ መቆም ያቃተኝ ነገር ግን ጌታዬ ሆኗል፤ ሙስሊም ደግሞ ጌታው አንድ ነው።

አሁን አንድ ክርክር ቀርቷል። «ኡስታዝ፣ እርስዎ በጥላ ውስጥ ተቀምጠው ይናገራሉ። ሌሎቹ ይወጋሉ፤ እኔ ብቻ ንጹሕ ሆኜ ልሸነፍ? እናቴ ማሽላ እየሰፈረች ልታረጅ?» የሚል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ የሚናቅም አይደለም። ድህነት እውነተኛ ነው። አንድ የውጭ ውድድር ሽልማት ለአንዲት እናት ቤት ይሠራል። ነገር ግን ልጄ፣ በተሰረቀ ሽልማት የተሠራ ቤት የማን ነው? ሁለተኛ ወጥቶ አንደኛ መሆን የነበረበት ልጅም እናት አለችው። ምናልባትም እሷም ማሽላ ትሰፍራለች። የእናትህን ዕንባ በሌላዋ እናት ዕንባ ማበስ አይቻልም። ሌላው መስረቁ ያንተን ስርቆት ንግድ አያደርገውም። ሪዝቅን የሚያከፋፍለው አላህ (ሱ.ወ) ነው። ከኛ የሚጠየቀው በየትኛው በር ሄደን እንደተቀበልነው ነው።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ትከሻ ላይ ብንጭን ግፍ ይሆናል። መርፌውን የሚሸጠው ሰው አለ፤ አውቆ ዝም የሚል አሠልጣኝ አለ፤ ከሽልማቱ ድርሻ የሚጠብቅ ዘመድ አለ። እኛም አለን። ልጅ አራተኛ ሆኖ ሲመለስ የማንጠይቀው፣ አንደኛ ሲሆን ግን በሆታ የምንቀበለው እኛ ነን። ድልን ብቻ የሚያከብር ሕዝብ ልጆቹን ወደ መርፌ ይገፋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር በእግር ተሽቀዳድመዋል። በመጀመሪያ እሷ ቀደመቻቸው፤ ቆይቶ እርሳቸው ቀደሟትና ያች በዚያች እንደሆነች በፈገግታ ነገሯት። መሸነፍ እንዲህ የሚወሰድ ነገር ነው። የሚያስፈራ ያደረግነው እኛ ነን።

በመጨረሻም ለታመመ ሰው በሩ ክፍት መሆኑን ልናገር። አስም ያለበት፣ ስኳር ያለበት ሯጭ መድኃኒቱን በሐኪም ማስረጃ አስፈቅዶ የሚወስድበት ሥርዓት አለ። ድሩራ ሸሪዓችንም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ፤ ታማሚው መድኃኒቱን አሳውቆ፣ አስመዝግቦ ይወስዳል። ወደ ጤነኛው ልክ ለመድረስ ይወስደዋል፤ ጤነኛውን በስውር ለማለፍ አይደለም። ማንኛውም ሯጭ፣ ክኒንም ሆነ የጉልበት ዱቄት ከመውሰዱ በፊት፣ በአዲስ አበባ ያለውን የፀረ ዶፒንግ መሥሪያ ቤት ወይም የሚያምነውን ሐኪም ይጠይቅ። የማያውቁትን ነገር ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ የዲናችን ትእዛዝ ነው።

ሳምንቱ ሞልቶ ልጁ ሲመጣ ይህንኑ ነገርኩት። ሦስት ድንበር፤ ውሉን አትጣስ፣ አደራውን አትጉዳ፣ ክምሩን አትደብቅ። ከሦስቱ አንዱን የሚያስጥስህ ነገር ቅጠልም ይሁን መርፌ፣ ጫማም ይሁን ክኒን፣ ተወው። ሦስቱንም የማይነካ ነገር ከሆነ ግን ቢስሚላህ ብለህ ተጠቀምበት፤ ዳገቱን ውጣ፣ በደንብ ብላ፣ ተኛ፣ ቡናህንም ጠጣ። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ የእርስዎስ?» አለኝ። ዙርባዋ የነበረችበትን ቦታ አሳየሁት። ባዶ ነበር።

ያ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ልጁ ለሰውየው እንቢ አለ። እስካሁን ያሸነፈው ትልቅ ውድድር የለም፤ ጠዋት ጠዋት ግን በሐዲዱ ዳር ዳር ሲሮጥ አየዋለሁ። እኔም ለደርስ ብዬ አልቅምም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐራራው አሠቃየኝ፤ ኪታቡ ላይ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር፤ ደርሱም አጠረ። ተማሪዎቼ በማጠሩ ቅር አላላቸውም። ሱብሒን ግን በጀመዓ እሰግዳለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ከስውር መርፌና ከስውር ነጋዴ ይጠብቅልን። ላባቸውን ይባርክላቸው፤ የእናቶቻቸውን ቤት በሐላል ይሙላልን። እኛንም የምናስተምረውን ከምንሠራው ጋር የሚያስማማ ልብ ይስጠን። አሚን።